የበረራ ርቀት ማስያዎች ሲገመገሙ፦ ከዱባይ ጓንግዡ በእርግጥ ስንት ሰዓት ነው?

በቻይናዋ ጓንግዡ ከተማ የሚካሄደው ካንቶን ፌር የተባለው የንግድ ዐውደ ርዕይ በቀረበ ቁጥር በባሕር ዳር የጉዞ ወኪሎች ዘንድ የሚደጋገመው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ከዱባይ ጓንግዡ ስንት ሰዓት ያስኬዳል?» ዕቃ ለማምጣት የሚሄድ ነጋዴ ይህን የሚጠይቀው ለማወቅ ያህል ብቻ አይደለም። ዱባይ ላይ የሚተርፈው ጊዜ፣ ጓንግዡ ሲያርፍ መንጋቱ ወይም መምሸቱ፣ ሲመለስ ቦሌ ላይ የባሕር ዳሩን በረራ መድረስ አለመድረሱ ሁሉ የሚወሰነው በዚህ ቁጥር ነው። ብዙ ሰው መልሱን ከስልኩ ይፈልጋል። የሁለት ከተማ ስም ሲጻፍላቸው ርቀቱንና የበረራ ሰዓቱን ወዲያው የሚያወጡ ማስያ ድረ ገጾች ሞልተዋል። በነጻ ይሠራሉ፣ ምዝገባ አይጠይቁም፣ ገጻቸው ቀላል ስለሆነ ኔትወርክ ሲደክምም ይከፈታሉ።

የዚህ ግምገማ ጉዳይ እነዚህ ማስያዎች ናቸው። ፍርዱን ከፊት እናስቀምጠው፦ በኪሎ ሜትር በኩል ሊታመኑ ይችላሉ፤ በሰዓት በኩል ግን አብዛኞቹ ለመንገደኛ የሚሆን መልስ የላቸውም። ርቀቱ ስትሄዱም ስትመለሱም ያው ነው። ሰዓቱ ግን መሄጃው ሌላ፣ መመለሻው ሌላ ነው። ማስያው ግን ለሁለቱም አንድ ቁጥር ይሰጣል።

በኪሎ ሜትሩ እንጀምር፤ ጣጣው ትንሽ ነው። ማስያው የሁለቱን ቦታዎች ኬክሮስና ኬንትሮስ ይይዝና፣ መሬትን 6,371 ኪሎ ሜትር ሬዲየስ ያላት ድቡልቡል ኳስ አድርጎ፣ በገጿ ላይ ያለውን አጭሩን መስመር ያሰላል። የዱባይ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ በሰሜን 25.25፣ በምሥራቅ 55.36 ዲግሪ ላይ ነው። የጓንግዡ ባይዩን ደግሞ በሰሜን 23.39፣ በምሥራቅ 113.30 ዲግሪ ላይ ይገኛል። በዚህ ስሌት የሚወጣው 5,827 ኪሎ ሜትር ነው። ሌላ ማስያ 5,840 ቢላችሁ አንዱ ተሳስቷል ማለት አይደለም። አንዳንዱ ከማረፊያ እስከ ማረፊያ ሳይሆን ከመሐል ከተማ እስከ መሐል ከተማ ይለካል፤ ባይዩን ከጓንግዡ መሐል ወደ ሰሜን 28 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ ይህ ብቻውን የጥቂት ኪሎ ሜትር ልዩነት ያመጣል። ሌላው ደግሞ መሬት በዋልታዎቿ በኩል ትንሽ የተደፈጠጠች መሆኗን ቆጥሮ ያሰላል። በዚህ ርቀት ላይ አሥር አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ማለት በአየር ላይ አንድ ደቂቃ ነውና አያስጨንቅ።

የሚያስጨንቀው መለኪያው ነው። ያው ርቀት በማይል 3,621፣ በኖቲካል ማይል 3,146 ተብሎ ይጻፋል። አንድ ማይል 1.609፣ አንድ ኖቲካል ማይል 1.852 ኪሎ ሜትር ነው። ብዙዎቹ ማስያዎች የተሠሩት በማይል ለሚያስቡ ሰዎች ስለሆነ መጀመሪያ የሚያሳዩት ማይሉን ነው። 3,621ን ኪሎ ሜትር ብሎ ያነበበ ሰው በሰዓት ለ900 ያካፍልና «አራት ሰዓት ናት» ይላል። የአዲስ አበባ–ዱባይ በረራ አራት ሰዓት ገደማ መሆኑን ስለሚያውቅ ስህተቱ እውነት ይመስለዋል፤ ዱባይ ከጓንግዡ የሚርቀው ግን አዲስ አበባ ከዱባይ ከሚርቀው ከእጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ከመውሰዳችሁ በፊት ከአጠገቡ ያለውን የመለኪያ ስም አንብቡ።

ስሙንም እንዲሁ። ጓንግዡና ሃንግዡ በላቲን ሲጻፉ የሚለያዩት በመጀመሪያዎቹ ፊደላት ብቻ ነው፤ ሃንግዡ ግን በሻንጋይ አቅራቢያ ያለች ሌላ ከተማ ናት። ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ደግሞ ጓንግጁ የምትባል አለች። ስትጽፉ ድረ ገጹ ራሱ ስም እየሞላ ስለሚያቀርብ ጣት በቀላሉ ሌላውን ይነካል። መፍትሔው በከተማ ስም ሳይሆን በማረፊያው ባለ ሦስት ፊደል ኮድ መፈለግ ነው። የጓንግዡ ኮድ ሲ.ኤ.ኤን ነው፤ ካንቶን ከሚለው የቀድሞ ስሟ የተወሰደ ስለሆነ አይረሳም። የዱባይ ዋናው ማረፊያ ዲ.ኤክስ.ቢ ነው። በደቡብ በኩል ያለው አል መክቱም ማረፊያ ዲ.ደብሊው.ሲ፣ የጎረቤቷ የሻርጃ ደግሞ ኤስ.ኤች.ጄ ነው። ለርቀቱ ስሌት ሦስቱም ያው ቢሆኑም ለትራንዚት ግን አይተካኩም። በአንዱ አርፎ ከሌላው የሚነሳ መንገደኛ በመካከል መኪና ይዞ ከተማ ማቋረጥ አለበት፤ ለዚህም የኤምሬትስ ቪዛ ያስፈልገዋል።

ከሞከርናቸው ሁሉ በርቀት በኩል የሚበልጠው ግሬት ሰርክል ማፐር የሚባለው ድረ ገጽ ነው። መልኩ ያረጀ ይመስላል፣ ጌጥ የለውም፣ ግን የሚሠራውን ያውቃል። ኮዶቹን በሰረዝ እያያዛችሁ ስትጽፉ የእያንዳንዱን ክፍልና የጠቅላላውን ርቀት በሰንጠረዥ ያወጣል፣ መስመሩንም በካርታ ላይ ይስላል፤ መለኪያውን ወደ ኪሎ ሜትር መቀየርም ይቻላል። በረድፍ የባሕር ዳርን ቢ.ጄ.አር፣ የአዲስ አበባን ኤ.ዲ.ዲ፣ ቀጥሎ የዱባይንና የጓንግዡን ብታስገቡ 330፣ 2,520 እና 5,830 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በድምሩ 8,680 ያህል ታገኛላችሁ። አሁን ዱባይን አውጥታችሁ ከአዲስ አበባ በቀጥታ ጓንግዡ አድርጉት፦ 330 እና 8,040 ገደማ፣ ድምሩ 8,370 ያህል። ልዩነቱ 310 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ እንደመብረር ያህል። «በዱባይ በኩል መሄድ ትልቅ ዙር ነው» የሚለው ወሬ ካርታውን ጠፍጣፋ አድርጎ ከማየት የመጣ ነው። ዱባይ በመንገድ ላይ ናት ማለት ይቻላል። ጊዜ የሚበላው ርቀቱ ሳይሆን መውረዱ፣ መጠበቁና ዳግም መነሳቱ ነው።

መስመሩን በካርታው ላይ ስታዩ ወደ ሰሜን ጎበጥ ብሎ ይታያችኋል። ሁለቱ ከተሞች በ23 እና በ25 ዲግሪ ላይ ሆነው ሳለ መስመሩ በመሐሉ እስከ 27 ዲግሪ ይወጣል። በፓኪስታን ሲንድ፣ በራጃስታን፣ በሰሜን ህንድ ሜዳ፣ በኔፓል ደቡባዊ ጫፍ፣ በአሳም፣ በሰሜን ምያንማርና በዩናን አድርጎ ጓንግዡ ይገባል። ብርቱካን ላይ በሁለት ነጥብ መካከል ክር ወጥራችሁ ብታዩ ተመሳሳይ ነገር ታያላችሁ፤ አጭሩ መንገድ ይህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ሰዓቱ። ማስያዎቹ ለዚሁ ለዱባይ–ጓንግዡ ምን ይላሉ? አንደኛው ዓይነት ርቀቱን በሰዓት ለ900 ኪሎ ሜትር ያካፍልና 6 ሰዓት ከ28 ደቂቃ ይላል። ሁለተኛው በሰዓት 500 ማይል፣ ማለትም 805 ኪሎ ሜትር ይዞ 7 ሰዓት ከ14 ይላል። ሦስተኛው ያንኑ 805 ይዞ ለመነሻና ለማረፊያ 30 ደቂቃ ይጨምርና 7 ሰዓት ከ44 ያወጣል። አየር መንገዶች በፕሮግራማቸው የሚጽፉት ግን ሲሄዱ ወደ 7 ሰዓት ተኩል፣ ሲመለሱ ወደ 8 ሰዓት ተኩል ነው። ሦስተኛው ማስያ ለመሄጃው ቀርቧል፤ ለመመለሻው ግን እሱም ሦስት ሩብ ሰዓት ያህል ያጎድላል።

ስልካችሁ ላይ ያለው ማስያ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ የቀመሩን ማብራሪያ መፈለግ አያስፈልግም። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ አስልቶ እንዲነግራችሁ አድርጉ። 330 ኪሎ ሜትሩን ለ900 ያካፈለው «22 ደቂቃ» ይላችኋል። ባለ 805ቱ «25 ደቂቃ» ይላል። ሠላሳ የሚጨምረው «55 ደቂቃ» ይላል። ከደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ ተነስቶ ቦሌ ያረፈ ሰው ሁሉ በረራው አንድ ሰዓት ገደማ መሆኑን ያውቃል። ስለዚህ 22 ወይም 25 ደቂቃ ያለው ማስያ የእስያውንም ሰዓት በዚያው ጉድለት ነው የሚነግራችሁ፤ ለኪሎ ሜትር ብቻ ተጠቀሙበት። 55 ያለው የተሻለ ነው።

ለምን እንዲህ ይሆናል? የአየር መንገድ ሰዓት የሚቆጠረው አውሮፕላኑ ከበሩ ተገፍቶ ከወጣበት ደቂቃ ጀምሮ በመድረሻው በር ላይ እስኪቆም ነው። በዚህ ውስጥ በመሬት ላይ ወደ ማኮብኮቢያው መንዳት፣ ተራ መጠበቅ፣ መነሳት፣ መውጣት፣ መውረድ፣ ለማረፍ መሰለፍ፣ ካረፉ በኋላም እስከ በሩ መንዳት አለ። ትልልቅ አውሮፕላኖች በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር የሚሄዱት ከ10 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ከደረሱ በኋላ ነው፤ እዚያ ለመድረስ ሃያ፣ ሃያ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። ለመውረድም መድረሻው 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀር ጀምረው ፍጥነት ይቀንሳሉ። ይህ ሁሉ ለአጭርም ለረጅምም በረራ ተቀራራቢ ስለሆነ አጭሩን በረራ አብዝቶ ይጎዳል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በሴኡል ኢንቾን በኩል ቶኪዮ ናሪታ ሲሄድ የሚያቋርጠው የኢንቾን–ናሪታ ክፍል 1,260 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ900 ሲካፈል 1 ሰዓት ከ24 ይመጣል። መንገደኛው ከበር እስከ በር የሚቆየው ግን ወደ 2 ሰዓት ተኩል ነው። በመቶኛ ሲታይ ይህ ስህተት ከዱባይ–ጓንግዡው እጅግ ይበልጣል።

ሁለተኛው ምክንያት ነፋስ ነው፤ ማስያዎቹን ሁሉ የሚያሸንፋቸውም ይኸው ነው። በጣና ላይ ጀልባ የሚነዱ ሰዎች ወደ ዘጌ የሚወስዱትን መንገደኛ በጠዋት የሚያወጡት ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ያው ውኃ ሌላ መንገድ ስለሚሆን ነው። በሰማይም እንዲሁ። በበጋችን ወራት፣ በተለይ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ጄት ስትሪም የሚባል ኃይለኛ የነፋስ ጅረት ከሂማላያ በስተደቡብ በሰሜን ህንድ ሰማይ ላይ ያልፋል። ከፍታው 10፣ 12 ኪሎ ሜትር ነው፤ አውሮፕላኖቹ የሚበሩበት ከፍታ ማለት ነው። በብርቱው ቦታ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል፤ የዱባይ–ጓንግዡ መስመር ደግሞ በዚያው ሥር ነው።

በቁጥር ጠጋ ብለን እንየው። አውሮፕላኑ በአየሩ ውስጥ 900 ይሄዳል እንበል፤ በመንገዱ ሁሉ በአማካይ 80 ኪሎ ሜትር ነፋስ ከኋላው ቢገፋው በመሬት ላይ 980 ይሄዳል። 6,000 ኪሎ ሜትር ለ980 ሲካፈል 6 ሰዓት ከ7 ደቂቃ። ሲመለስ ያው 80 ከፊቱ ስለሚገጥመው 820 ይሆናል፤ 6,000 ለ820 ሲካፈል 7 ሰዓት ከ19። ነፋሱ ሁለቱንም ጊዜ አንድ ሆኖ ሳለ ልዩነቱ 72 ደቂቃ ነው። ልብ በሉ፦ የሁለቱ አማካይ 6 ሰዓት ከ43 ነው፤ ያለ ነፋስ ቢሆን 6 ሰዓት ከ40 ነበር። ስለዚህ ስትሄዱ ያተረፋችሁት ሲመለስ የሚወሰድባችሁን አይሞላም፤ ተቃራኒው ነፋስ ባለበት ውስጥ የምትቆዩት ረዘም ላለ ጊዜ ነውና። በዚህ ላይ ለመነሻና ለማረፊያ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ስትጨምሩ አየር መንገዶቹ ወደሚጽፉት ትቀርባላችሁ።

በክረምት ይህ ይለወጣል። ጅረቱ ከቲቤት በስተሰሜን ይሸሻል፤ በደቡብ እስያ ላይ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚነፍስ ሌላ ከፍተኛ ጅረት ይነሳል። ያ ጅረት የዓረብ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ምሥራቅ አፍሪካ ይደርሳል፤ የአየር ጠባይ ባለሙያዎች ከእኛው የክረምት ዝናብ ጋር የሚያያይዙት እሱን ነው። ስለዚህ ባሕር ዳር ላይ ሐምሌ ሲያዘንብ የዱባይና የጓንግዡ መሄጃና መመለሻ ሰዓት ይቀራረባሉ፤ በጥር ደግሞ ይራራቃሉ። በሐምሌ የሄደ ሰው የነገራችሁን ሰዓት ለጥር አትያዙት።

ከላይ ባለው ስሌት 5,827 ሳይሆን 6,000 የተያዘውም ያለ ምክንያት አይደለም። አውሮፕላን ማስያው ያሰመረውን መስመር አይከተልም፤ በሰማይ ላይ በተወሰኑ መስመሮችና የድንበር መግቢያ ነጥቦች ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ በጥቂት በመቶ ይረዝማል። ቻይና አብዛኛውን ሰማይዋን ለወታደራዊ ጥቅም ስለምትከልል ለሲቪል በረራ የሚቀረው መተላለፊያ ጠባብ ነው። በሰሜን በኩል ደግሞ ቲቤት አለች፤ አማካይ ከፍታዋ 4,500 ሜትር ገደማ ነው። በአውሮፕላን ውስጥ አየሩ ድንገት ቢያፈተልክ ፓይለቱ ወደ 3,000 ሜትር መውረድ አለበት፤ ለመንገደኛው ከላይ የሚወርደው የኦክስጅን ጭምብል ለሩብ ሰዓት ገደማ ብቻ የሚበቃ ነውና። ከሥር ያለው መሬት ራሱ ከ3,000 በላይ ከሆነ መውረጃ የለም። በዚህ የተነሳ መስመሮቹ ከተራራው ወደ ደቡብ ይርቃሉ። የሰማይ መዘጋትም አለ። በየካቲት 2019 (በፈረንጅ) ፓኪስታን ሰማይዋን ስትዘጋ እስከዚያው ሐምሌ ድረስ ብዙ በረራዎች ዙር ለመሄድ ተገደዋል፤ ማስያዎቹ ግን በእነዚያ ወራትም ያንኑ ቁጥር ሲያወጡ ነበር። ለባሕር ዳር ሰው ይህ እንግዳ አይደለም፦ አዲስ አበባ በአየር 330 ኪሎ ሜትር ናት፤ በመኪና የዓባይን በረሃ ወርዶ ለሚወጣ ግን ከ500 በላይ ነው።

ታዲያ ለሰዓቱ ምን ይያዝ? አንደኛው ምንጭ የአየር መንገዱ ፕሮግራም ነው። የምትፈልጉትን ቀን አስገብታችሁ መሄጃውንም መመለሻውንም ለየብቻ ፈልጉ፤ ከመነሻና መድረሻ ሰዓቱ አጠገብ የጉዞው ርዝመት ተጽፎ ይገኛል። አየር መንገድ ያንን ቁጥር ሲጽፍ የወቅቱን ነፋስና የማረፊያውን መጨናነቅ ቆጥሮ፣ ለመዘግየትም ትንሽ ጨምሮ ነው። ሁለተኛው ምንጭ አውሮፕላኖችን በበረራ ላይ ሳሉ የሚከታተለው ፍላይትራዳር24 የተባለው ድረ ገጽ ነው፤ በግምገማችን ከሁሉ በላይ ያስደሰተን እሱ ነው። የበረራ ቁጥሩን ስታስገቡ ያለ ክፍያ የሰባት ቀን ታሪክ ያሳያል፦ በፕሮግራም መቼ መነሳት ነበረበት፣ በእውነት መቼ ተነሳ፣ መቼ አረፈ። ሰባቱን መስመሮች ተመልከቱና ረጅሙን ያዙ እንጂ አማካዩን አትያዙ፤ ቀጣዩን በረራ የሚያስመልጣችሁ ከሰባቱ የከፋው ቀን ነው። ሁለት ነገር ጠብቁ። «የበረራ ሰዓት» ብሎ የሚጽፈው በአየር ላይ ያለውን ብቻ ስለሆነ ለመሬት ላይ ጉዞው ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ጨምሩ። ሰዓቶቹም በአካባቢው አቆጣጠር ወይም በዓለም አቀፉ ሰዓት መሆናቸውን ከቅንብሩ አረጋግጡ።

የካንቶን ፌር ተጓዦች ይህን ደግሞ አይርሱ። የበልጉ ዐውደ ርዕይ ከሚያዝያ 7 እስከ 27፣ የመጸው ደግሞ ከጥቅምት 5 እስከ 25 ገደማ ነው፤ በፈረንጅ ከአፕሪል 15 እስከ ሜይ 5 እና ከኦክቶበር 15 እስከ ኖቬምበር 4 ማለት ነው። አየር መንገዶች በዓለም ዙሪያ የበረራ ፕሮግራማቸውን የሚለውጡት በማርች መጨረሻ እሑድና በኦክቶበር መጨረሻ እሑድ ነው። የኦክቶበሩ ለውጥ በዐውደ ርዕዩ መካከል ይወድቃል። ስለዚህ በአንዱ ፕሮግራም ሄዳችሁ በሌላው ልትመለሱ ትችላላችሁ፤ የመመለሻውን ሰዓት ከመሄጃው ተነስታችሁ አትገምቱ፣ ትኬቱን ራሱን እዩ።

ትኬት ስታዩ የሚመጣው የመጨረሻ ችግር የሰዓት ቆጠራ ነው፤ ከማስያዎቹም ጥሩ ጥሩዎቹ እዚህ ላይ አይረዱም። ዱባይ ከእኛ በ1 ሰዓት፣ ጓንግዡ በ5 ሰዓት ትቀድማለች፤ በሁለቱ መካከል 4 ሰዓት አለ። ቻይና ሰፊ ብትሆንም በመላው አገር አንድ ሰዓት ነው፤ ሦስቱም አገሮች በበጋ ሰዓት ወደፊት የማስኬድ ልማድ ስለሌላቸው ልዩነቱ ዓመቱን ሙሉ አይለወጥም። ለምሳሌ ትኬቱ ከዱባይ 10:30 መነሻ፣ ጓንግዡ 22:00 መድረሻ ቢል፣ ሲቀናነስ 11 ሰዓት ተኩል ይመስላል። እውነቱ 7 ሰዓት ተኩል ነው። ሲመለስ ከጓንግዡ 00:15 ተነስቶ ዱባይ 04:45 ይደርሳል ቢል 4 ሰዓት ተኩል ይመስላል፤ እውነቱ 8 ሰዓት ተኩል ነው። «መሄጃው 11፣ መመለሻው 4» እየተባለ የሚወራው ከዚህ የመጣ ነው። ቀላሉ ዘዴ ሁሉንም ወደ ባሕር ዳር ሰዓት መመለስ ነው፦ ከዱባይ ሰዓት 1 ቀንሱ፣ ከጓንግዡ ሰዓት 5 ቀንሱ፣ ከዚያ አቀናንሱ። 10:30 ሲቀነስ 9:30፣ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 3:30፤ 22:00 ሲቀነስ 17:00፣ በእኛ ከቀኑ 11:00። ከ3:30 እስከ 11:00 ሰባት ሰዓት ተኩል።

ከሁሉ የከፋው ግን 00:15 የሚለው ነው። በእኛ ከሌሊቱ 6:15 ነው፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ሰው የሚስተው ቀኑን ነው። ትኬቱ «ኦክቶበር 12፣ 00:15» ሲል በፈረንጅ አቆጣጠር ቀኑ የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት ስለሆነ፣ በረራው የኦክቶበር 11 ማታ ተሻግሮ በሚመጣው ሌሊት ነው። በእኛ አነጋገር ቀን የሚለወጠው ሲነጋ ነውና፣ ያ ሌሊት የጥቅምት 1 ሌሊት ነው። ኦክቶበር 12ን ወደ ጥቅምት 2 የመነዘረ መንገደኛ «ጥቅምት 2 ሌሊት 6:15» ብሎ ይይዝና በጥቅምት 2 ምሽት ማረፊያው ይደርሳል፤ አውሮፕላኑ ግን ከሄደ አንድ ሙሉ ቀን ሊሆነው ነው። ትኬት የሚቆርጡ ወኪሎች በወረቀቱ ላይ በእጃቸው «ጥቅምት 1 ማታ 3 ሰዓት ማረፊያው ላይ ተገኝ» ብለው ቢጽፉለት ከማንኛውም ማስያ የበለጠ ይጠቅመዋል። ባይጽፉላችሁ እናንተ አስጽፉ። ከ00:00 እስከ 06:00 ባለው ውስጥ የተጻፈ መነሻ ሰዓት ስታዩ ሁሉ ወደ ማረፊያው የምትሄዱት በትኬቱ ላይ ካለው ቀን በፊት ባለው ማታ ነው።

አሁን በዱባይ በኩል ይሻላል ወይስ ቀጥታ ለሚለው። በአየር ላይ ያለው ልዩነት አነስተኛ ነው፦ ከአዲስ አበባ በቀጥታ 10 ሰዓት ገደማ፣ በዱባይ በኩል 4 እና 7 ተኩል፣ በድምሩ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ። ዱባይ ላይ የሚገዛ ወይም የሚታይ ዕቃ ያለው ሰው በርቀት የሚከስረው ነገር እምብዛም የለም። ዱባይ ላይ ጉዳይ የሌለው ግን በማረፊያው የሚያሳልፈውን ጊዜ ይደምርበት። በዱባይ በኩል ከሆነ ሁለቱን በረራ በአንድ ትኬት አስቆርጡ። በሁለት የተለያየ ትኬት ከሆነ ሻንጣችሁ እስከ ጓንግዡ ላይተላለፍ ይችላል፤ ዱባይ ላይ ወጥታችሁ ተቀብላችሁ እንደገና ማስመዝገብ ይኖርባችኋል፤ ለዚያም የኤምሬትስ ቪዛ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው በረራ ቢዘገይ ሁለተኛው አየር መንገድ አይጠብቃችሁም፣ ገንዘቡንም የመመለስ ግዴታ የለበትም። በዚህ ዓይነት ትኬት የሚጓዝ ሰው በተለይ ሲመለስ የጓንግዡ–ዱባይን ሰዓት በጥር ረጅሙን ይዞ፣ በዚያ ላይ ቢያንስ አራት ሰዓት ትርፍ ይተው። ከቦሌ ወደ ባሕር ዳር የሚያደርሰውንም የአገር ውስጥ በረራ ሲይዝ የመጨረሻውን ሳይሆን ከእሱ በኋላ ሌላ በረራ ያለበትን ይምረጥ።